ሠንጠረዥ፣ ግራፍ ወይስ ዓረፍተ ነገር? የጥናት ሪፖርት የውጤት ምዕራፍ ስንጽፍ የሚገጥሙን ምርጫዎች

ግንቦት ሲገባ ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ የተመራቂ ተማሪዎች ስልክም ይበዛል። ከደሴም ይደውላሉ፣ ከኮምቦልቻም ይደውላሉ። ጥያቄው በየዓመቱ ያው ነው። «ዳታው አለ፣ ትንተናውም አልቋል። የውጤቱን ምዕራፍ ግን እንዴት ልጻፈው?»

አንዲት ተማሪ ከግቢ ወጣ ብላ ቡና ጠጡ ቤት አገኘችኝ። ላፕቶፗን ከረከቦቱ አጠገብ ከፈተች። ጥናቷ በቦርከና ወንዝ ውኃ ላይ ነው። የውጤት ምዕራፏ 31 ገጽ ነበር፤ ሠንጠረዡ 19። አንዱ ሠንጠረዥ ብቻውን 12 ዓምድ አለው። ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ ስክሪኑ ላይ ተደፍቼ ነው ያነበብኩት። ትንሽ አይቼ ላፕቶፑን ዘጋሁትና «እስቲ በቃልሽ ንገሪኝ፤ ምን አገኘሽ?» አልኳት።

ቶናው ሳይቀዳ ጨረሰችው። «ውኃው ከደሴ በታች ኦክስጅን ያጣል። ገደሉን ሲወርድ ከድንጋይ ጋር እየተላተመ ያገግማል። ኮምቦልቻን ካለፈ በኋላ እንደገና ይወርዳል። ክረምት ላይ ልዩነቱ ይጠባል።»

አራት ዓረፍተ ነገር። ቁጥሩ ሁሉ በ19ኙ ሠንጠረዥ ውስጥ አለ። ይህን ነገር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ግን አንድም አልነበረም።

እኔ የውጤት ምዕራፍን የምመዝነው በዚህ ነው። አንባቢው ጸሐፊው ያየውን ነገር በራሱ ዓይን ማየት ይችላል ወይ? ከዚህ በታች የማነሳቸውን ምርጫዎች ሁሉ በዚሁ ጥያቄ ነው የማያቸው። የወንዙን ምሳሌ ይዤ እቀጥላለሁ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ራሴ ነኝ ያስቀመጥኳቸው፤ ከማንም ጥናት አልወሰድኳቸውም።

ዓረፍተ ነገር፣ ሠንጠረዥ ወይስ ግራፍ?

ብዙ ሰው ኤስፒኤስኤስ (SPSS) ከሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የወጣውን ሁሉ ኮፒ አድርጎ ይለጥፋል። ሶፍትዌሩ ሠንጠረዥ ስላወጣ ሪፖርቱም ሠንጠረዥ ይሆናል። ምርጫው ግን የሶፍትዌሩ አይደለም፤ የእናንተ ነው።

ቁጥሩ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ በዓረፍተ ነገር ጻፉት። «ከ48ቱ ናሙናዎች 3ቱ ጠርሙሳቸው ስለተሰበረ አልተለኩም።» አለቀ። ለዚህ ሠንጠረዥ መሥራት አንባቢን ማድከም ነው።

አንባቢው ትክክለኛውን ቁጥር የሚፈልገው ከሆነ ሠንጠረዥ ይሻላል። ነገ ሌላ ተማሪ መጥቶ የራሱን ልኬት ከእናንተ ጋር ሊያነጻጽር ይችላል። «በቦታ 4 ናይትሬቱ ስንት ነበር?» ብሎ ሲፈልግ ከግራፍ ላይ በማስመሪያ እየለካ ሊገምት አይገባም። ቁጥሩ ሠንጠረዡ ላይ ይኑርለት።

የነገሩን አካሄድ ማለትም መውጣት መውረዱን፣ መጥበብ መስፋቱን ለማሳየት ከሆነ ግን ከግራፍ የሚተካከል የለም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? የተማሪዋ አራት ዓረፍተ ነገር አንድ ግራፍ ነው። አግዳሚው መስመር ላይ ከመነሻው ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር፣ ቋሚው ላይ የኦክስጅን መጠን። አንዱ መስመር የበጋ፣ ሌላው የክረምት። ወርዶ፣ ወጥቶ፣ እንደገና ሲወርድ ማንም ያየዋል። ከ19ኙ ሠንጠረዥ ስድስቱን ይህ አንድ ግራፍ ተካቸው። የቀሩት ጥሬ ቁጥሮች ወደ አባሪ ሄዱ።

«አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን (የልኬቶቹን መበታተን የሚነግረውን ቁጥር) በሠንጠረዥ ካስቀመጥኩ ግራፍ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፍራንሲስ አንስኮምብ ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1973 ጥሩ መልስ ሰጥቶበታል። እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ ያላቸው አራት ዳታዎች አዘጋጀ። የአራቱም የአንደኛው ተለዋዋጭ አማካይ 9 ነው፤ የሁለተኛው 7.5። ኮሪሌሽናቸው፣ ማለትም የሁለቱ ተለዋዋጮች ተያይዞ የመሄድ መጠን፣ 0.82 ገደማ ነው። በሠንጠረዥ ብናያቸው አራት መንትዮች ናቸው። ግራፍ ላይ ሲሳሉ ግን አንዱ ቀጥ ያለ መስመር ዙሪያ የተበተነ ነው፣ አንዱ ጎባጣ ነው። ሦስተኛውን አንድ ያፈነገጠ ነጥብ አጣሞታል። አራተኛው ላይ አንዲት ብቸኛ ነጥብ ናት መስመሩን የፈጠረችው። ስለዚህ ለአንባቢ ባታወጡትም እንኳ ለራሳችሁ ሳትስሉ ወደ ጽሑፍ አትግቡ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ያንኑ ዳታ በሠንጠረዥም፣ በግራፍም፣ ከዚያም ቁጥር በቁጥር በጽሑፍ አትድገሙት። ጽሑፉ «ሠንጠረዥ 2 እንደሚያሳየው በቦታ 1፣ 7.1፣ በቦታ 2፣ 6.4፣ በቦታ 3፣ 3.2...» እያለ ከሄደ ሠንጠረዡን ጮክ ብሎ ከማንበብ አይለይም። የጽሑፉ ሥራ ዓይን የት እንደሚያርፍ ማመልከት ነው። «ኦክስጅኑ በቦታ 2 እና 3 መካከል ከግማሽ ያላነሰ ወርዷል» ማለት ይበቃል። ቁጥሩን የፈለገ ሠንጠረዡ ላይ ያገኘዋል።

የትኛው ዓይነት ግራፍ?

ክብ ግራፍ፣ ያ እንደ ዳቦ የሚቆራረጠው፣ በጣም ይወደዳል። እኔ አልመክረውም። ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ሙከራ፣ ሰው በአንድ መስመር ላይ የተቀመጠን ርዝመት ከማዕዘን ይልቅ በትክክል እንደሚያነጻጽር አሳይተዋል። 23 በመቶና 27 በመቶ በክብ ግራፍ ላይ ያው ይመስላሉ። በባር ግራፍ ላይ ግን ልዩነታቸው ይታያል።

ነገሩ በርቀት ወይም በጊዜ የሚቀጥል ከሆነ መስመር ተጠቀሙ። የተለያዩ ነገሮች ከሆኑ፣ ለምሳሌ የሦስት ዓይነት አሸዋ ውጤት፣ ባር ይሻላል። ሦስቱን አሸዋ በመስመር ማያያዝ በመካከላቸው የሌለ መንገድ መፍጠር ነው። ብዙ ልኬት ኖሯችሁ ስርጭቱን ማሳየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ቦክስ ፕሎት፣ ማለትም ስርጭቱን በሣጥን የሚያሳየው ግራፍ፣ አለ። ልኬቱ አምስትና ስድስት ብቻ ከሆነ ግን ነጥቦቹን ራሳቸውን አስቀምጧቸው። በስድስት ነጥብ ሣጥን አይሠራም።

ውጤትና ውይይት፦ ለየብቻ ወይስ አንድ ላይ?

በመጀመሪያ የትምህርት ክፍላችሁን መመሪያ እዩ። እዚያ ላይ ከተወሰነ ምርጫ የለም። ክፍት ከሆነ ግን ማሰብ ነው።

ለየብቻ ሲሆን የውጤቱ ምዕራፍ «ምን ተገኘ?» ብቻ ይመልሳል። «ለምን ሆነ? ምን ማለት ነው?» የሚለው ወደ ውይይቱ ይሄዳል። ጥቅሙ ትልቅ ነው። በትርጉማችሁ የማይስማማ ፈታኝ እንኳ ቁጥራችሁን ሊቀበል ይችላል። አንድ ላይ ስትቀላቅሉት ግን ትርጉሙ ላይ ሲጣላ ቁጥሩንም አብሮ ይጠረጥራል።

አንድ ላይ መጻፍ የሚያምርበትም ቦታ አለ። አንዱ ሙከራ ሌላውን እየወለደ የሚሄድ ሥራ እንዲህ ነው። የኮንክሪት ጥናት እንውሰድ። የመጀመሪያው ድብልቅ በ7 ቀኑ ሲፈተሽ ደካማ ሆነ፤ ስለዚህ ውኃው ተቀነሰ፤ ሁለተኛው ድብልቅ መጣ። እዚህ ላይ «ለምን ውኃ ተቀነሰ?» የሚለውን ለሚቀጥለው ምዕራፍ ካሳደርነው አንባቢው ሁለተኛው ድብልቅ ከየት እንደመጣ አይገባውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጽፍ ሰው እኔ ለየብቻ የሚለውን እመክራለሁ። ራስን ለመግዛት ይረዳል። እዩት ይህን፦ «በቦታ 3 ኦክስጅኑ ወደ 3.2 ሚሊግራም በሊትር ወርዷል፤ ይህም የሆነው ከከተማው የሚለቀቀው ፍሳሽ ስለበዛ ነው።» እስከ «ወርዷል» ድረስ ውጤት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ውይይት ነው፤ ያውም ገና ያልተረጋገጠ። ፍሳሹን በቀጥታ ለካችሁት? ካልለካችሁት ግምት ነው፣ ቦታውም ሌላ ነው።

ተማሪዎች ሁሌ የሚከራከሩኝ አንድ ነገር አለ። ከመመዘኛ ጋር ማነጻጸር ውጤት ነው ውይይት? የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የናይትሬት መመሪያው 50 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ የፍሎራይድ 1.5። «ከ12 ጉድጓዶች 4ቱ ከ1.5 በላይ ናቸው» ማለት ቆጠራ ስለሆነ ውጤት ነው። «ስለዚህ የልጆች ጥርስ ይጎዳል» ማለት ውይይት ነው። እኔ መስመሩን እዚህ ላይ ነው የማሰምረው።

በምን ቅደም ተከተል?

ሦስት መንገድ አየሁ፤ በሥራው ጊዜ ቅደም ተከተል፣ በመሣሪያ ወይም በሙከራ ዓይነት፣ በጥናቱ ጥያቄ። የመጀመሪያው ማስታወሻ ደብተር ነው፤ የእናንተ ድካም የሚታይበት እንጂ አንባቢ የሚፈልገው አይደለም። ሁለተኛው ለላብራቶሪ አገልግሎት ሪፖርት ይሆናል። ለቴሲስ ግን ሦስተኛውን ያዙ። አንደኛ ምዕራፍ ላይ ሦስት ጥያቄ ካነሳችሁ ውጤቱ ሦስት ክፍል ይኑረው፤ በዚያው ተራ። ፈታኞች እያገላበጡ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

አማካይ ወይስ ሚዲያን?

ከወንዙ ስድስት ቦታ የባክቴሪያ ቆጠራ ወሰድን እንበል። 120፣ 150፣ 180፣ 210፣ 240 እና 9,000። አማካዩ 1,650 ነው። ከስድስቱ አንዱ እንኳ 1,650 አጠገብ የለም! ሚዲያኑ፣ ማለትም በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው፣ 195 ነው። እንዲህ አንዱ በጣም ሲያፈነግጥ ሚዲያኑ ይሻላል። 9,000ው ግን አይደበቅ። ለብቻው ይጠቀስ፣ ቦታውም ይነገር። ምናልባት የጥናቱ ዋናው ነገር እሱ ሊሆን ይችላል። ልኬቱ ከአማካዩ ግራና ቀኝ ተመጣጥኖ ከተበተነ ደግሞ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ደህና ናቸው።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽንና ስታንዳርድ ኤረርም ይምታታሉ። የመጀመሪያው ናሙናዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ ይነግራል። ሁለተኛው አማካዩ ራሱ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ነው። በ9 ናሙና ስታንዳርድ ኤረሩ የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ሲሶ ነው። ትንሽ ስለሆነ ብቻ መርጠው ግራፍ ላይ የሚያስቀምጡት አሉ። ይህ ልክ አይደለም። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ከግራፉ ሥር በግልጽ ጻፉ።

የፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ) ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ፒኤች 6 እና ፒኤች 8ን ደምሮ ለሁለት ማካፈል 7 ይሰጣል። ስኬሉ ግን ሎጋሪዝም ነው፤ የአንድ ቁጥር ልዩነት የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው። የሃይድሮጅን አዮኑን መጠን አስልታችሁ አማካይ ብትወስዱ 6.3 ይመጣል። ይህ ሁሉ ጣጣ ሳይኖር ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን፣ ከእነሱ ጋር ሚዲያኑን መስጠት ይቀላል።

ፒ-ቫልዩ ብቻ ወይስ የልዩነቱ መጠን?

«ልዩነቱ ሲግኒፊካንት ነው» (በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልም ለማለት) ብሎ የሚያበቃ ዓረፍተ ነገር በየቴሲሱ አለ። ስንት ነው ልዩነቱ? የት ወደየት? አይልም። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ ፒ-ቫልዩ (በእውነቱ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድል) የልዩነትን ትልቅነትም ሆነ የውጤትን ጠቃሚነት እንደማይለካ በግልጽ አስቀምጧል። ናሙናው ብዙ ከሆነ ምንም የማይረባ ልዩነትም ሲግኒፊካንት ይሆናል።

እንዲህ ጻፉት፦ «በክረምት የተለካው ኦክስጅን ከበጋው በ1.8 ሚሊግራም በሊትር ይበልጣል፤ 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ0.9 እስከ 2.7 ነው፤ ፒ ከ0.001 በታች።» ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ እውነተኛው ልዩነት ሊገኝበት የሚችለው ክልል ነው። አንባቢው መጠኑንም፣ እርግጠኝነቱንም፣ ፈተናውንም አንድ ላይ አገኘ። ኤስፒኤስኤስ ሲግ በሚለው ዓምድ 0.000 ብሎ ሲያወጣ እንዳለ አትገልብጡት። ዜሮ ማለቱ አይደለም፤ ከሦስት አኃዝ በኋላ ስለቆረጠው ነው። «ከ0.001 በታች» በሉት።

ልዩነት ካልተገኘስ? ይጻፋ! «በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም» ራሱን የቻለ ውጤት ነው። ይህን ቆርጠው የሚጥሉ ተማሪዎች ልቤን ይሰብሩታል። ያንኑ ሥራ ሌላ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ከዜሮ ጀምሮ ይደግመዋል፤ ያውም በራሱ ገንዘብ።

የኛን አገር የሚመለከቱ ምርጫዎች

እነዚህን ሌላ ቦታ የተጻፈ መመሪያ ውስጥ ስለማታገኟቸው ትንሽ ልቆይባቸው።

አንደኛ፣ ከፍታ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከፍታው ሲጨምር የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ንጹሕ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ 9 ሚሊግራም በሊትር ገደማ ይይዛል። በደሴ ከፍታ ከ7 በታች ነው። በኮምቦልቻ ከ7 ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ በሚሊግራም ብቻ ከጻፋችሁ ከደሴ በላይ ያለው ንጹሕ ውኃ ከታችኛው የተበከለ ሊመስል ይችላል። በመቶኛ ሙሌት (በዚያ ከፍታ ውኃው ሊይዝ ከሚችለው ስንት በመቶ እንደያዘ) ብቻ ከጻፋችሁ ደግሞ ዓሣው በእርግጥ የሚያገኘው መጠን ይጠፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ምርጫ ካልቀረ፣ ሁለቱን ከተማ ለማነጻጸር መቶኛውን፣ ከመመዘኛ ጋር ለማነጻጸር ሚሊግራሙን።

ሁለተኛ፣ ሰዓት። ማስታወሻ ደብተራችን ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብለን እንጽፋለን። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን 3:00 ሆኖ ያልፋል። የውጭ አንባቢ ከንጋት በፊት ያለው ጨለማ ይመስለዋል። በወንዝ ውኃ ላይ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። ዕፅዋቱ ሌሊቱን ሲተነፍሱ አድረው ኦክስጅኑ ዝቅ የሚለው ልክ ከመንጋቱ በፊት ነው። የናሙናችሁ ሰዓት ከተሳሳተ ውጤታችሁ ሌላ ትርጉም ይይዛል። 9:00 ብላችሁ ጻፉ። ቀኑንም እንዲሁ፤ በኛ ከሆነ ዓ.ም. በሉ፣ በፈረንጅ ከሆነ እ.ኤ.አ.። መቀላቀል ብቻ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ወቅት። «ደረቅ ወቅት» እና «እርጥብ ወቅት» የሚለው አከፋፈል መጽሐፍ ላይ ያምራል። ወሎ ላይ ግን በልግ አለ። መጋቢት ላይ ናሙና ወስዶ «ደረቅ ወቅት» ማለት፣ በልጉ ጥሎ ወንዙ ሞልቶ ከነበረ፣ ውሸት ይሆናል። የወቅቱን ስም ከመጻፍ ወሩን መጻፍ ይሻላል። ከተቻለ ባለፈው ሳምንት ዘንቦ እንደነበረ አብሮ ይነገር።

የተበላሸ ናሙናና ያልታየ ቁጥር

መሣሪያው ሊለየው ከሚችለው በታች የሆነ ክሮሚየም «0» አይባልም። ባዶ ቦታም አይተውለትም። «ከመለያ ወሰን በታች» ተብሎ ወሰኑ ስንት እንደሆነ ይጻፋል። ዜሮ ማለት የለም ማለት ነው፤ እኛ የምናውቀው አለማየታችንን ብቻ ነው። ጠርሙሱ ስለተሰበረ የወጣ ናሙና በቁጥርና በምክንያት ይጠቀሳል። «ውጤቱ አላማረኝም» ግን ምክንያት አይሆንም።

ከነጥብ በኋላ የሚመጡት አኃዞች ነገርም አለ። ሦስት የኮንክሪት ኪዩብ 24.1፣ 25.3 እና 26.0 ሜጋፓስካል ቢሰጡ ኤክሴል አማካዩን 25.13333333 ብሎ ይዘረግፈዋል። መጭመቂያው ማሽን ያን ያህል አያውቅም። 25.1 በሉት። ኪዩቡ የተሰበረው በ7 ቀኑ ይሁን በ28 ቀኑ አብሮ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ቁጥሩ ምንም አይናገርም።

ከማተም በፊት

ሶፍትዌር ላይ ብዙ አልከራከርም። ኤክሴልም ሆነ አር (R)፣ የምታውቁት ይበቃል። ግራፉን ግን ለወረቀት አስቡት። ስክሪን ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የነበሩ ሦስት መስመሮች ፒያሳ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት በጥቁርና ነጭ ሲወጡ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ፈታኙ እጅ የሚደርሰው ያ ኮፒ ነው። በጋውን በድፍን መስመር፣ ክረምቱን በተቆራረጠ መስመር ሥሩት። ነጥቦቹንም አንዱን ክብ፣ አንዱን ሦስት ማዕዘን አድርጓቸው። ከዚያ አምስት ኮፒ ከማዘዛችሁ በፊት አንዷን ገጽ ብቻ አሳትማችሁ በር ላይ ወጥታችሁ በብርሃን እዩዋት።